ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ
ከአርባ ምንጭ ፍርድ ቤት ደጅ እስከ ቤተሰብ ማዕድ

አርባ ምንጭን ብዙ ባለትዳሮች የሚያስታውሷት በጫጉላቸው ሰሞን ነው። በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄደው አዞና ጉማሬ ያያሉ፤ ትኩስ ዓሣ ይበላሉ፤ ወደ ዶርዜ ተራራ ወጥተው ጋቢ ይገዛሉ፤ ፎቶግራፋቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ደግ ነው። ጌታ የፈጠረውን ውበት አይቶ ማመስገን ለትዳር መልካም ጅማሬ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን በዚያችው ከተማ ውስጥ ጎብኚ ስለማይረግጠው አንድ ሥፍራ ይናገራል፤ ስለ ፍርድ ቤቱ ግቢ። እዚያ ከሚውሉት ባለጉዳዮች የአንዳንዶቹ የሠርግ ፎቶግራፍ ዛሬም ከግድግዳቸው አልወረደም። በእጃቸው የያዙት ግን መጥሪያ ነው።

እኔና ባለቤቴ ወደ አርባ ምንጭ የወረድነው ታላቅ ወንድሟን ለመጠየቅ ነበር። በከተማዋ ከ20 ዓመት በላይ በጥብቅና ሥራ የኖሩ፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸውም በሽምግልና የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። "ትንሽ ከተማ ናት፤ የእኔን ስም ከጻፍህ የባለጉዳዮቼን ስም እንደ ጻፍህ ቁጠረው" አሉኝ። ስለዚህ ቤተሰቡ እንደሚጠራቸው "ጋሼ" እያልሁ እቀጥላለሁ። የባለጉዳዮችንም ታሪክ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ፣ ራሳቸው በፈቀዱት ልክ ብቻ አቅርቤዋለሁ።

ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ድልድይ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ሶዶን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። በስተ ግራ የአባያ ሐይቅ ብቅ ይላል፤ በስተ ቀኝ የጋሞ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። በመካከላቸው የሙዝና የማንጎ ማሳ ይዘረጋል።

ከተማዋ ራሷ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። ታችኛዋ ሲቀላ የገበያና የንግድ ሥፍራ ናት፤ ላይኛዋ ሴቻ ደግሞ የቢሮዎች መንደር ናት። በሁለቱ መካከል ዳገት አለ፤ ባጃጆች ቀኑን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱበት ይውላሉ። ቀድሞ የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በደጋው ላይ የምትገኘው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ግን መቀመጫው ወደዚህ ቆላ ወረደ። ዛሬ አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዞኑም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ያያል። ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት አንደኛ የሆነው አባያ ከየወንዙ በሚገባው አፈር ቀይ ቡናማ መልክ ይዟል። ጫሞ ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው ያለውን ቀጭን መሬት ሕዝቡ "የእግዜር ድልድይ" ይለዋል። ከአፋፉ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ይፈልቃሉ። ነዋሪው የሚጠጣው ውኃ ከእነዚህ ምንጮች እየተሳበ የሚመጣ ነው።

ጋሼ እዚያ አፋፍ ላይ አቁመውን፣ "አባቶቻችን 'ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ' ይላሉ። እኛ ውኃውን ከምንጩ እንጠጣለን፤ ነገሩን ግን ብዙ ጊዜ ከደፈረሰ በኋላ ነው የምንቀዳው" አሉን። ያን ጊዜ ለጨዋታ የተናገሩት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ፍርድ ቤት ይዘውኝ ሲሄዱ ግን ነገሩ ገባኝ።

በችሎቱ ደጅ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግቢው ሞልቷል። በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ባለጉዳዩ በጋምኛ ይናገራል፤ ጸሐፊው በአማርኛ ይጽፋል። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ሲብላላበት የኖረው ቁስል በሁለት ገጽ ተጠቃሎ "ከሳሽ" እና "ተከሳሽ" የሚል ስም ይወጣለታል። ከደጋ የወረዱ አባቶች ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው በዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል። ሕፃን ያዘለች እናት የችሎቱን ቁጥር ትጠይቃለች። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ሰልፍ አለ። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቃል "ቀጠሮ" የሚለው ነው። "መቼ ተቀጠረ?" "ለምን ተቀጠረ?" "ደግሞ ተቀጠረ!"

በትልቅ ከተማ ከሳሽና ተከሳሽ ከችሎት ሲወጡ በየአውቶቡሳቸው ተሳፍረው ይለያያሉ። እዚህ ግን እንዲህ አይደለም። የከሰሰውና የተከሰሰው በአንድ ባጃጅ መጥተው ሊሆን ይችላል። ምስክሩ የሁለቱም ጎረቤት ነው። ዳኛው ገበያ ሲወጣ ሙዝ የሚገዛው ከፈረደባት ሴት ነው። ሕጉ ዳኛ ከባለጉዳይ ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ካለው ከችሎት እንዲነሣ ያዛል፤ ነገር ግን በትንሽ ከተማ ዝምድና የሌለው ሰው ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነው። እሑድ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባሉ። ጋሼ በአንድ ወቅት ረቡዕ ዕለት በመስቀለኛ ጥያቄ ያስጨነቁት ምስክር እሑድ ዕለት አጠገባቸው ተቀምጦ አብረው እጃቸውን ዘርግተው ጸልየዋል።

"ይህ መልካም ነው ወይስ ክፉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሁለቱንም ነው" አሉኝ። "መልካምነቱ፣ ሰው ዋሽቶ የሚደበቅበት የለውም። ክፋቱ፣ እውነት የተናገረም ሰው የሚጠለልበት የለውም።"

ወገኖች ሆይ፣ ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚችል ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች መሠረት ሊዳኙ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። "በተከራካሪዎቹ ፈቃድ" የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እርጥብ ሣር

በሦስተኛው ቀን ወደ ጨንቻ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥተን ከ2,500 ሜትር በላይ ስንደርስ ባለቤቴ ጋቢዋን ደርባ ተከናነበች። የዶርዜ ቤቶች ከቀርከሃ ተሠርተው፣ ፊታቸው የዝሆን ግንባር መስሎ በእንሰቱ መካከል ቆመዋል። በየደጁ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ያሳዩን ግን ሌላ ነገር ነው። ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ድንጋይ መቀመጫዎች፣ ዕድሜ ጠገብ ዛፎች ያሉበት ሥፍራ ነው። "ይህ ዱቡሻ ነው፤ ፍርድ ቤት ከመሠራቱ በፊት ፍርድ የነበረበት ቦታ" አሉን። የጋሞ አባቶች የመሬት፣ የድንበርና የደም ነገር እዚህ ተቀምጠው ተራ በተራ እየተናገሩ ያያሉ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አያቋርጥም።

የእነዚህ አባቶች ስም በአገር ሁሉ የተሰማው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና አካባቢዋ በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች በግፍ ሲገደሉ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ አደባባይ ወጡ። ቁጣው እጁ ላይ ባልነበረ ሰው ንብረትና ሕይወት ላይ ሊወርድ ነበር። ያን ጊዜ አባቶች የባህል ልብሳቸውን ለብሰው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በወጣቶቹ ፊት በአስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ።

እኛ ክርስቲያኖች ይህን ስንሰማ የጌታችንን የመጨረሻ ምሽት ማስታወሳችን አይቀርም። ሥልጣን ያለው እርሱ በደቀ መዛሙርቱ እግር ሥር ዝቅ አለ (ዮሐ. 13)። ታላቁ ለታናሹ ሲንበረከክ የሚበርድ ቁጣ አለ።

ነገር ግን ጋሼ ጣፋጩን ብቻ ነግረውን አላቆሙም። "ይህን ሜዳ ስታደንቁ ማን እንዳልተቀመጠበትም ጠይቁ" አሉን። በጋሞ ደጋማ አካባቢዎች በቀደመው ሥርዓት ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚፍቁ ወገኖች ከሸንጎው ተገልለው ይኖሩ ነበር። ሴቶችም እንደ ወንዶች ተቀምጠው የሚፈርዱበት አልነበረም። ወንጌል ወደ እነዚህ ተራሮች ሲወጣ የተገፉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር እንዲቀመጡ የጠራቸው ለዚህ ነው። እርቅ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም በእርቁ ሸንጎ ላይ ድምፅ የሌለው ሰው ካለ፣ የታረቁት ሌሎቹ ናቸው፤ እርሱ ዝም አለ እንጂ አልታረቀም።

"በቤት እንጨርሰው"

ይህ ነገር ወደ ቤተ ክርስቲያንም እንደሚገባ ያየሁት ጋሼ በነገሩኝ የአንዲት እህት ጉዳይ ነው።

እህታችን ባሏን በሞት አጥታ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ከእርሱ የቀራት የሙዝና የማንጎ ማሳ ነበር። የባሏ ወንድም "ለልጆቹ እጠብቅላቸዋለሁ" ብሎ ማሳውን ያዘ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለት ዓመት አለፈ። ሙዙ በየሳምንቱ እየተቆረጠ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ልጆቹ ግን ደብተር የሚገዛላቸው አጥተዋል። ሁለቱም ወገኖች የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አስቀመጧቸው። ሦስቱንም ጊዜ ጸሎት ተደረገ፣ ተቃቀፉ፣ ሻይ ጠጡ። ማሳው ግን ከያዘው ሰው እጅ አልወጣም።

በመጨረሻ እህት ክስ ልትመሠርት ወደ ጋሼ ቢሮ መጣች። ሽማግሌዎቹም ተከትለው መጡ። "ወንድም ወንድሙን አሕዛብ ፊት ሊያቆም ነው ወይ? በቤት እንጨርሰው" አሏቸው፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6ንም ጠቀሱ። ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "እሺ፣ ታረቁ እንበል። ከእርቁ በኋላ ማሳው በማን እጅ ይሆናል?" መልስ የሰጠ አልነበረም።

በዚህ ክፍል ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ስለምን በደሉን አትታገሡም ብሎ መጠየቁ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ሥፍራ ቀጥሎ የሚገሥጸው ወንድሙን የሚበድለውንና የሚያታልለውን ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ቃል ለተበደለው እናነብበታለን፤ የኋለኛውን ለበዳዩ ማንበብ እንረሳለን። ደግሞም ያው ጳውሎስ ሳይፈረድበት ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ ሕግ ጠይቋል (ሐዋ. 22)፤ በፊስጦስ ፊትም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25)። ጌታችንም ስለ ጸሎት ሲያስተምር ዳኛ ደጅ ሳትታክት የተመላለሰችውን መበለት ምሳሌ አደረጋት እንጂ ነቀፋት አልተናገረም (ሉቃ. 18)።

ጋሼ ጉዳዩን ያዙ። ዋጋውንም ከፈሉ። ለወራት አንዳንድ ወገኖች ሰላምታ ነፈጓቸው። "ወንድም አስከሳሽ" የሚል ስም ወጣላቸው። ባለቤታቸው እትዬ በሴቶች ኅብረት ሲገቡ ወሬው ጸጥ የሚልበት ጊዜ ነበር። ከሽምግልና አገልግሎት እንዲያርፉ የጠየቋቸውም ነበሩ።

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ጊዜ በአዳራሽ መሰብሰቡን ትተው ማሳው ድረስ ሄዱ። ጎረቤቶችን ሰሙ። ሙዝ የሚገዛውን ነጋዴ ጠየቁ። እውነቱ ከሥሩ ሲቀዳ ወንድምየው አለቀሰ፤ እርሱም ዕዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ነበር ተናገረ። ከዚያም ተስማሙ። ግን ስምምነቱ በመተቃቀፍ ብቻ አላበቃም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች ክርክሩ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን በእርቅ ሊጨርሱት እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤት ሲቀርብና ሲመዘገብ እንደ ፍርድ ሊፈጸም ይችላል። እነርሱም እንዲህ አደረጉ። ማሳው ለእናትና ለልጆች ተመለሰ፤ የሁለቱ ዓመት ገቢ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተጻፈ፤ ዳኛው አጸደቀው።

ሁለቱ ቤተሰቦች ዛሬም እሑድ እሑድ አንድ ላይ አይቀመጡም። ሰላም ይባባላሉ፤ ልጆቹ ግን አብረው ይጫወታሉ። ጋሼ "ያልዳነውን ድኗል አልልህም፤ ግን አሁን ቁስሉ ታጥቧል" አሉኝ።

ለባለትዳሮችም ይህ ነገር ይመለከታል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሆኖም የፌዴራሉ ሕግ እርቅን አላባረረም። ዳኛው ባልና ሚስቱን እንዲያነጋግር፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲሞክሩ እንዲመክር፣ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ብዙ ትዳር በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊተርፍ ይችላል። ነገር ግን የምትደበደብ ሚስት ወደ ሽማግሌ ስትመጣ "ቻይው" ብሎ መመለስ እርቅ አይባልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በግልጽ ወንጀል አድርጎታል። በመጀመሪያ ደኅንነቷ ይጠበቅ፤ ንስሐውና ምክሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። "በፈቃድ" የሚለው ቃል ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። በፍርሃት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

የዮቶር ዓይን

በመጨረሻው ምሽት እራት በልተን ስንጨርስ እትዬ ቡና አፈሉ። ጨዋታው ስለ ጋሼ ሥራ ሲሆን እትዬ ሣቁና፣ "የፍርድ ቤቱን ብቻ ነው የነገረህ? የእኛን ችሎት አልነገረህም?" አሉኝ።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ጋሼ ሥራ የበዛባቸው ጊዜ ነበር። ቀን ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ማታ መዝገብ ይዘው ይገባሉ፤ በእራት ሰዓት ባለጉዳይ በር ያንኳኳል። አንድ ማታ ብርጭቆ ተሰብሮ አገኙ። የ8 ዓመት ልጃቸውን አቁመው መጠየቅ ጀመሩ። "የት ነበርሽ? ማን ነበር? አዎ ወይም አይደለም በይ!" ልጅቱ ዕንባዋ እየወረደ፣ "አባዬ፣ እኔም ጠበቃ ልያዝ?" አለቻቸው።

እትዬ ያን ሌሊት አልተኙም። ሲነጋ ለባላቸው "ለሰው ሁሉ ትሟገታለህ፤ በዚህ ቤት ግን ሁላችን ተከሳሾች ነን" አሏቸው። ከዚያም ዘጸአት 18ን አውጥተው አብረው እንዲያነብቡ ጠየቁ።

ይህን ምዕራፍ አብዛኞቻችን የአስተዳደር ትምህርት አድርገን እናውቀዋለን። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ መከረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ተሾሙ። እትዬ ያስተዋሉት ግን የምዕራፉን መጀመሪያ ነው። ዮቶር ወደ ምድረ በዳ የመጣው ለአስተዳደር ምክር አልነበረም። ሙሴ ቀድሞ መልሷቸው የነበሩትን ሚስቱን ሲፓራንና ሁለት ልጆቹን፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞለት ነው የመጣው። ቤተሰቡ ወደ ድንኳኑ በደረሰ በማግስቱ ሙሴ ማልዶ ለፍርድ ተቀመጠ፤ እስከ ማታም አልተነሣም። ዮቶር ያን ምክር ሲሰጥ አንዱ ዓይኑ ሙሴን፣ ሌላው ዓይኑ ሴት ልጁንና የልጅ ልጆቹን ያይ እንደ ነበር አያጠራጥርም ይላሉ እትዬ። የአባት ዓይን ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አንዳንድ ሥርዓት ተሠራ። የመዝገብ ቦርሳው ሲቀላ ካለው ቢሮ አይወጣም። ጋሼ ማታ ወደ ሴቻ ሲመለሱ የዳገቱን ግማሽ በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር ይሄዳሉ፤ በእግር የሚሄዱበት ክፍል የባለጉዳዮቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ለጌታ የሚያስረክቡበት ነው። በር ሲከፈት ስልኩ ይዘጋል። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለ መዝገብ የሚያነሣ ሰው "ሰኞ ቢሮ ና፣ ሻይ ጋብዤህ እሰማሃለሁ" የሚል መልስ ብቻ ያገኛል። በነሐሴ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ሲዘጉ፣ አስቸኳይ ጉዳይ ለሚያየው ተረኛ ችሎት የሚቀርብ ነገር ከሌለ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ጨንቻ ይወጣሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው። ጠበቃ የባለጉዳዩን ምሥጢር ለሚስቱም ቢሆን መንገር አይችልም። ታዲያ ሸክሙን ለማን ያካፍል? እትዬ መላ አገኙ። ጋሼ ሲገቡ "ዛሬ ስንት ኪሎ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ቀን "አምስት ኪሎ" ይላሉ ጋሼ፤ ሌላ ቀን "ኃምሳ" ይላሉ። "ኩንታል ነው" ያሉ ዕለት እትዬ ምንም አይጠይቁም። እግራቸውን ያጥቡላቸዋል፤ አብረው ይጸልያሉ፤ ልጆቹም ያን ማታ አባታቸውን በቀስታ ይይዙታል። የመበለቲቱ ጉዳይ በተያዘባቸው ወራት ብዙ ቀን ኩንታል ነበር። ያን ሁሉ ሰላምታ መነፈግ የተሸከሙት ሁለት ሆነው ነው።

ለእናንተ ለባለትዳሮች

ሁላችን ጠበቃ አይደለንም። ነገር ግን አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ነጋዴው፣ መጋቢው ሁሉ የሰው ነገር ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል። ከአርባ ምንጭ ይዘን የተመለስነውን ምክር ለእናንተም እናካፍላችሁ።

1. ሰነዳችሁን አስተካክሉ። ጋሼ እንደሚሉት ከሚያዩት የቤተሰብ ክርክር ብዙው በሕይወት ሳሉ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችል የነበረ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁ ላይ የሁለታችሁም ስም መኖሩን ተመልከቱ፤ የጋብቻ ማስረጃችሁን በሚገኝበት ቦታ አስቀምጡ። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይናገራል፤ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራ ቦታው ከምስክሮቹ አንዱ ከሆነ ግን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

2. በሽምግልና ስትቀመጡ የጋሼን ጥያቄ ጠይቁ፦ "ከእርቁ በኋላ የተወሰደው ነገር በማን እጅ ይሆናል?" ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ደስታውን ብቻ አልተናገረም፤ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19)።

3. በቤታችሁ አትክሰሱ፤ አትከራከሩም ማለት ግን አይደለም። ለማሸነፍ የሚጠይቅና ለመረዳት የሚጠይቅ ሰው ድምፁ አንድ አይደለም፤ ልጆች ይለዩታል።

4. ዛሬ ማታ የትዳር ጓደኛችሁን "ስንት ኪሎ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩን መስማት ግዴታ አይደለም። ክብደቱን ማወቅ ግን ይቻላል።

ለፍርድ የተቀመጡ ዳኞችን፣ ዓቃብያነ ሕግንና ጠበቆችን በጸሎታችን እናስባቸው። በየወረዳው፣ በየትንሹ ከተማ፣ ከሚያውቋቸው ሰዎች መካከል ተቀምጠው እውነትን የሚመረምሩ ናቸው፤ ቤት የሚጠብቃቸው ቤተሰብም አላቸው። በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስለ መዝገብ ሳይሆን ስለ ጤንነቱ ጠይቁት።

ጻድቅ ፈራጅ የሆነው ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።